ቁልቋሉ ሲያብብ

ሰኔ 14 ቀን 1971

ለንስሐ አባቴ እንኳ ያልነገርኩት አንድ ነገር አለ። ባለቤቴም ሳይሰማው ሞተ ልል ነበር፤ ግን እሱ የሞተው ነገሩ ከመሆኑ ሰባት ወር ቀድሞ ነው። በአፌ ማውጣት ስላቃተኝ እዚህ ልጻፈው።

ከስድስት ዓመት በፊት፣ በጥር 1965፣ ለጎረቤቴ ለእትዬ ሓዳስ የልጇን ደብዳቤ ሳነብላት፣ ደብዳቤው ውስጥ የሌለ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሬ አነበብኩላት። «ቁልቋሉ ሲያብብ እመጣለሁ» የሚል። ልጇ አብርሃ እንዲህ ብሎ አልጻፈም። እኔ ነኝ ያልኩት።

ዛሬ ቁልቋሉ እንቡጥ አወጣ።

ጠዋት እልልታ ሰምቼ ሠርግ ያለ መስሎኝ ወጣሁ። ሓዳስ ነጠላዋ መሬት እየጎተተ ከቁልቋሉ ፊት ቆማለች። «ጽጌ! ጓለይ! ነይ እዪልኝ!» ትላለች፤ ጓለይ ስትል «ልጄ» ማለቷ ነው። ከጎኑ፣ ከእሾሁ መሐል፣ ሽምብራ የምታህል ጸጉራም ነገር ብቅ ብላለች።

«እሾህ ይሆናል» አልኳት።

«እሾህ እንዲህ አይለሰልስም። ንኪው።»

ነካሁት። ለስላሳ ነው።

ያን ቃል የመረጥኩት እንዲህ ያለ ነገር መቼም አያብብም ብዬ ነበር። ቅጠል የሌለው፣ ዱላ የመሰለ ነገር ምን አበባ አለው ብዬ። ያልኩትም ለማጽናናት ነው። እናት ናት፣ ልጇ ሩቅ ነው፣ የምትጠብቀው ነገር ይኑራት ብዬ ነው። ሌላ ምክንያት አልነበረኝም።

ይህን ደብተር በራችን ላይ ካለው ከሲራጅ ሱቅ ገዛሁት። «የልጅ ደብተር ነው፣ ለማን ነው?» አለኝ። ለራሴ ነው ማለት አሳፈረኝና ከፍዬ ወጣሁ።


ሰኔ 17

ሓዳስና እኔ የምንኖረው ከጊዮርጊስ ወደ አትክልት ተራ በሚወርደው መንገድ ላይ ባለ አንድ ግቢ ነው። ቤታችንን የሚለየው አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው። በዕድሜ አሥር ዓመት ትበልጠኛለች። ጠዋት ስትነሳ ግድግዳውን ሁለቴ ትመታለች፣ እኔም ሁለቴ እመልሳለሁ። ባለቤቴ ከሞተ ጀምሮ እንዲህ ነው። ልጅ የለኝም። አንዳንድ ቀን ከዚያ ሌላ ድምፅ ሳልሰማ ይመሻል።

ፊደል ያስተማረኝ የለም። ውዳሴ ማርያምን በቃሌ ስለማውቀው፣ መጽሐፉን ዘርግቼ ቃሉን ከፊደሉ ጋር በጣቴ እያዛመድኩ ነው ማንበብ የለመድኩት። ሦስት ዓመት ፈጀብኝ። ከዚያ ወዲህ ግቢው ሁሉ ደብዳቤውን የሚያስነብበው እኔን ነው። ሰው ሲመጣ ሎሚም ሆነ እንቁላል ይዞ ይመጣል። ሓዳስ ብቻ ባዶ እጇን ትመጣ ነበር። የራሷ ዓይን አድርጋ ነበር የምትቆጥረኝ፤ ለዓይን ደግሞ እጅ መንሻ አይሰጥም።

አብርሃ አንድ ልጇ ነው። ያኔ ድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ ዕቃ ጫኝ ነበር። ቁልቋሉን በወተት ቆርቆሮ ተክሎ፣ በጆንያ ጠቅልሎ፣ ከደብዳቤው ጋር በመንገደኛ ላከላት። ሲመጣ ክንድ አይሞላም ነበር። አሁን ወገቤ ደርሷል።


ሰኔ 18

ሓዳስ ዛሬ የአብርሃን ፍራሽ አውጥታ ስታራግፍ ዋለች። ዝናብ መጣባትና ብቻዋን ስትጎትት አይቼ ረዳኋት። «እግዜር ይስጥሽ፣ ሲመጣ እነግረዋለሁ» አለችኝ።


ሰኔ 22

ሲራጅ ተወልዶ ያደገው ድሬዳዋ ነው። በጦርነቱ ጊዜ ሸሽቶ መጥቶ ነው ሱቁን የከፈተው። ዛሬ ሓዳስ እጁን ይዛ ቁልቋሉ ፊት አቆመችው።

«እማማ ሓዳስ፣ ይሄ እኮ የአገሬ ልጅ ነው!» አለ። «በአማርኛ ነው በትግርኛ የሚያወሩት?»

«አትቀልድ። ደህና ነው ወይ?»

ጎንበስ ብሎ አየው። ከላይ እስከ ታች የወረደውን ሸንተረር በጣቱ አሳየን። እንደ ታጠፈ ቀሚስ ነው፤ በደረቅ ጊዜ እጥፋቱ ይጠባል፣ ውሃ ሲያገኝ ይከፈትና ይወፍራል አለ። ሥሩ ጥልቅ አይደለም፣ ከአፈሩ ላይ ላዩን ይዘረጋል፤ ዝናብ ሲጥል ሁሉንም ቶሎ ይጠጣና ዓመት ሙሉ አፉን ይዘጋል። ቅጠል ቢኖረው ፀሐይ ውሃውን ትሰርቀው ነበር፤ ቅጠሉን ትቶ በእሾህ የለወጠው ለዚህ ነው። እንደኛ አገር ቁልቋል ቢቆርጡት ወተት አይወጣውም፤ ሆዱ ውስጥ ያለው ጥርት ያለ ውሃ ነው።

«ሆዱ እንስራ ነው፣ እማማ። በጥም አይሞትም። የሚገድለው የሚያዝንለት ሰው ነው። በክረምት ውሃ ካገኘ ከእግሩ ይበሰብሳል።»

«አበባውስ?»

«ማታ ይከፈታል፣ በማግሥቱ ረፋድ ላይ ያበቃል። የአንድ ሌሊት ሙሽራ ነው። ግን ወላሂ፣ ሲከፈት የሰፈሩ ውሻ ሳይቀር ዝም ይላል።»

«ውሸታም!»

«ነጋዴ ቢዋሽ በስኳር ነው እንጂ በአበባ ይዋሻል እንዴ?»

ሓዳስ እስኪያስላት ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ማታ ግን ከተናገረው ሁሉ አንዲት ቃል ተለይታ መጣችብኝ። ከእግሩ ይበሰብሳል። ለምን እሷ እንደመጣች አላውቅም።


ሐምሌ 1

መሃይምነትን የማጥፋት ዘመቻ ተጀመረ። የቀበሌው ድምፅ ማጉያ ከንጋት ጀምሮ ሲጮህ ዋለ። ማንበብ የማይችል ሁሉ አዳራሽ ሄዶ እንዲመዘገብ ታዘዘ፤ የሚችል ደግሞ እንዲያስተምር። የኛ ረድፍ አስተማሪ አቶ ዘበነ ናቸው፤ ፒያሳ ወርቅ ቤት ሚዛን ላይ ሠላሳ ዓመት የቆሙ ሰውዬ። እኔን ረዳት አደረጉኝ።

ሓዳስን ዕድሜ ሲጠይቋት «ፊደል ለመቁጠር የደረሰ» አለች። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

«ወይዘሮ ሓዳስ፣ ማንበብ ሲችሉ መጀመሪያ ምን ያነባሉ?» አሏት አቶ ዘበነ።

«የልጄን ደብዳቤ። ይቺ እህቴ አንብባልኛለች፤ በጆሮዬ አውቀዋለሁ። በዓይኔ ግን አላውቀውም።»

ሰው አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ።


ሐምሌ 6

ቸኩያለሁ። ዝናብ። ሓዳስ በአምስት ቀን ሦስት ረድፍ ፊደል ያዘች። እንቡጧ አውራ ጣቴን አክላለች። ደብዳቤው ከሳጥኗ ውስጥ ነው፣ ቁልፉ ከአንገቷ ማተብ ጋር።


ሐምሌ 10

ሰኔ 14 ላይ የጻፍኩትን መልሼ አነበብኩት። ሙሉ አይደለም።

ጨመርኩ ብዬ ነው የጻፍኩት። የቀነስኩትን አልጻፍኩም። አብርሃ እናቱን ወደ ድሬዳዋ እንድትመጣ ጠይቋት ነበር። ያን ክፍል አላነበብኩላትም። ወረቀቱ ግን እስከ ታች ተጽፎበታል፣ እሷም ዓይኗን ከወረቀቱ አትነቅልም፤ በዝምታ ማለፍ አልቻልኩም። ስለዚህ ያን የሚያህል ነገር ስለ ቁልቋሉ ፈጠርኩ። ፊቱን ወደ ፀሐይ መውጫ አዙሪው። በወር አንድ ስኒ ውሃ ስጪው። በግራ እጅሽ አትንኪው። ሲያብብ እመጣለሁ። ስድስት ዓመት ሙሉ በግራ እጇ ነክታው አታውቅም።

ያላነበብኩላት ለደህንነቷ ነው። ድሬዳዋ ቆላ ነው፣ ወባ አለ፣ ሙቀቱ ለሷ ዕድሜ አይሆንም። ልጁም ጎረምሳ ነው፤ ዛሬ ነይ ቢላት ነገ ሚስት ያገባል። ማን ያውቃል።

መልሱንም የጻፍኩት እኔ ነኝ። በዚያስ ሐቀኛ ነበርኩ፤ የነገረችኝን አንድም ሳልጨምር አንድም ሳልቀንስ ጻፍኩ። «ልጄ፣ ቁልቋልህን እንዳልከኝ ይዤዋለሁ። አበባውን እጠብቃለሁ።» ይኸው ነበር መልእክቷ። ስለ መምጣት አንድ ቃል የለበትም፤ ከየት ይምጣ?

በወሩ አጭር ወረቀት መጣ። «ደብዳቤሽ ደረሰኝ። ገብቶኛል። ጤና ይስጥሽ።» ያንን እንዳለ አነበብኩላት።

«ምኑ ነው የገባው?» አለችኝ።

«የአበባው ነገር» አልኳት።

ከዚያ ወዲህ አልጻፈም።


ሐምሌ 13

ሓዳስ አዳራሽ ሳለች ቁልቋሉን ከጣራው ሥር ትንሽ ወደ ውጭ አወጣሁት። ንፋስ እንዲያገኝ ነው። ከአሸንዳው ትንሽ ትንሽ ይንጠባጠብበታል፤ ብዙ አይደለም።


ሐምሌ 14

ከመምጣቷ በፊት መልሼ አስገባሁት። ጠዋት እንደገና አወጣዋለሁ። ንፋስ ያስፈልገዋል።


ሐምሌ 19

ዛሬ ቁልቢ ገብርኤል ነው። ሓዳስ ልጄ ይምጣልኝ እንጂ አብሬው ቁልቢ እወጣለሁ ብላ ተሳለች።

ከሰዓት በክፍል ውስጥ በጠመኔ ሰሌዳው ላይ ስም ጻፈች። አብርሃ። አራቱም ፊደል ልክ ነበር። «ር» ትንሽ ተንጋዳለች እንጂ ልክ ነበር። እኔ ግን «ገና ነው፣ ወደ ሁለተኛው ረድፍ ተመለሺ» አልኳት። ቅር ሳይላት ተመለሰች።

ስንወጣ አቶ ዘበነ ወደ ጎን ጠሩኝ።

«ወይዘሮ ጽጌማርያም፣ እኔ ሚዛን ላይ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ጣቱን ከሚዛኑ ሥር የሚያደርግ ሰው ፊቱ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። ይቺ ሴትዮ አልፋለች። ለምን ወደ ኋላ ይጎትቷታል?»

«እንዲጸናላት ብዬ ነው» አልኩ።

«ይሁን» አሉ፤ ኮፍያቸውን አስተካክለው ሄዱ። እስከ ቤት ድረስ ፊቴ ሲነድ መጣሁ። ብርዱ ነው እንዳልል ብርድ አያነድም።


ሐምሌ 20

ቆርቆሮው ሥር ውሃ አቁሯል። አልደፋሁትም።


ሐምሌ 27

ቁልቋሉ ታሟል። ከታች አንድ ስንዝር ያህል ቢጫ ሆኗል፣ ሲጫኑት ጣት ይገባበታል። ሓዳስ ዛሬ ነው ያየችው። አላለቀሰችም። መሬት ላይ ተቀምጣ እሾሁን አንድ በአንድ እየነካች ቆየች፣ በቀኝ እጇ።

«የኔ ኃጢአት ነው» አለች።

«ምን ኃጢአት አለብሽ አንቺ?»

«በመጋቢት አሞኝ ተኝቼ ሳለ ሳላጠጣው ወሩ አለፈብኝ። ያኔ ተቀይሞኝ ይሆናል።»

ልናገር አፌን ከፈትኩ። «እትዬ ሓዳስ» አልኩ። «ወይ» አለች። «ሲራጅን እንጥራው» አልኩ።


ነሐሴ 2

ሲራጅ ቢላውን በእሳት አጋይቶ መጣ። የበሰበሰውን ከታች ቆርጦ ጣለው። ሽታው የሞተ ውሃ ሽታ ነው። የላይኛው ግማሽ ጤነኛ ነው፤ እንቡጧም እዚያ ላይ ናት።

«አሁን አፈር ውስጥ መልሰህ ክተተው» አለችው ሓዳስ።

«አይሆንም፣ እማማ። ቁስሉ እርጥብ እያለ ከተተከለ እንደገና ይበሰብሳል። ደረቅ ቦታ ይቁም። ሦስት ሳምንት፣ አራት ሳምንት። ቁስሉ ቆዳ ሲያወጣ ያኔ ይተከላል።»

«ያለ ሥር? ያለ አፈር? ምን እየበላ?»

«በሆዱ ያለውን። እሱ እኮ እንደኛ በየቀኑ ሱቅ አይመላለስም።»

ከአትክልት ተራ ባመጣው ባዶ የቲማቲም ሳጥን ውስጥ አቁሞ ሓዳስ ቤት ግድግዳ አስደገፈላት። ሲወጣ በሩ ላይ ቆሞ አየኝ።

«በክረምት ከጣራ ሥር የነበረ ነገር ይሄን ሁሉ ውሃ ከየት ጠጣ?» አለ።

«ጣራው ያፈስ ይሆናል» አልኩት።


ነሐሴ 5

እኔ ነኝ። ንፋስ እንዲያገኝ አልነበረም። እንቡጧ እንድትረግፍ ነው። ሐምሌ 13 ጀምሬ አሥራ ሦስት ቀን አሸንዳው ሥር አቆምኩት። በገዛ ደብተሬ እንኳ ዋሽቻለሁ፤ ማን ያነበዋል ብዬ ነው የዋሸሁት?


ነሐሴ 12

የፍልሰታ ጾም ነው። ጊዮርጊስ ቅዳሴ ቆሜ ዋልኩ። ሓዳስ ከአጠገቤ ናት። ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች፣ የልጇን ስም ነው የምትጠራው። ዘንድሮ አልቆረብኩም፤ ሰው ሲጠይቀኝ ጤና አጣሁ እላለሁ። እውነት ለመናገር ከቆረብኩ ስድስት ዓመቴ ነው።

ቤት ገብቼ ብዙ ተቀመጥኩ። ስለ ወባውና ስለ ሙቀቱ የጻፍኩትን አነበብኩት። ሁሉም እውነት ነው፤ ድሬዳዋ ይሞቃል፣ ወባም አለ። እኔ ግን ያን ቀን ስለ ወባ አላሰብኩም። ያሰብኩት ስለ ግድግዳው ነው።

ባለቤቴ ከሞተ ሰባት ወሩ ነበር። ልብሱን ገና ለነዳያን አልሰጠሁም። ሓዳስ ወረቀቱን ይዛ፣ ፊቷ በርቶ ገባች። ማንበብ ጀመርኩ። ሁለት መስመር፣ ሦስት መስመር፣ ከዚያ ዓይኔ ከታች «ነይ» የሚለውን አየ። ከአፌ ቀድሞ እስከ መጨረሻው ሮጠ። በዚያች ቅጽበት የታየኝ ጠዋት ነው፤ የምነሳበት፣ ግድግዳውን የሚመታ የሌለበት ጠዋት። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ያ ነው የሚያሳፍረኝ። ድምፄ አንዴም አልተንቀጠቀጠም።

ለሷ ብዬ አይደለም። ለኔ ብዬ ነው። ልጇን ቀምቼ ጎረቤት አደረግኳት።


ነሐሴ 17

ጾሙ ተፈታ። ሓዳስ ሥጋ ላከችልኝ። እንቡጧ አልረገፈችም። ያለ ሥር፣ ያለ አፈር፣ ሳጥን ውስጥ ቆማ እያደገች ነው። አሁን የእጄን መዳፍ ያህል ረዝማለች፣ አንገቷን ቀና አድርጋለች። የቆረጡት ቦታ ደርቆ ቡናማ ቆዳ አውጥቷል። የቀረው ሰውነቱ ግን ከስቷል፣ እጥፋቱ ጠቧል። ያለውን ሁሉ ለሷ እየሰጣት ነው።


ነሐሴ 21

ገና ሳይነጋ ግድግዳው ተመታ። ሁለቴ አይደለም፤ ሳታቋርጥ ትመታለች። በነጠላዬ ሮጥኩ።

ተከፍቷል። ነጭ ነው፣ ከሳህን ይሰፋል፣ መሐሉ ላይ ብዙ ቀጫጭን ክሮች እንደ ጸጉር ተነስተዋል። ሽታው ቤቱን ሞልቶታል። ከዚያ እሾህ ይህ ይወጣል ብሎ የሚያምን የለም። ሲራጅ አልዋሸም። ሓዳስ መሬት ስማ ተነሳችና «ልጄ ዛሬ ይመጣል» አለች።

የክት ቀሚሷን ለበሰች። ዱካ ይዛ ወጥታ ግቢው በር ላይ ተቀመጠች። አላፊ አግዳሚው ሁሉ «እትዬ ሓዳስ፣ የማን ድግስ ነው?» ይላታል። «የኔ» ትላለች።

አራት ሰዓት ላይ አበባው ጫፉ መጠውለግ ጀመረ። ስድስት ሰዓት ላይ ተከደነ። እሷ አላየችም፤ ዓይኗ መንገዱ ላይ ነው። እኔ ነኝ ያየሁት። አጠገቧ ሄጄ ቆምኩ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ካፊያ ጣለ። ሲራጅ ከሱቁ ጆንያ አምጥቶ ትከሻዋ ላይ ጣለላት። አልቀለደም። «እማማ፣ ይግቡ፣ ይመታዎታል።»

«ቆይ ልጄ። ባቡሩ የሚገባው ማታ ነው።»

ባቡሩ የሚገባበት ሰዓት አለፈ። ከለገሃር ሰው ሻንጣ ይዞ መጥቶ በፊታችን አለፈ። ሰዓት እላፊው ሲቃረብ የቀበሌው ጥበቃ መጥቶ ግቡ አለን። ዱካውን አነሳሁላት። ክንዷን ስይዛት እንደ ወፍ ቀላለች።

«አብርሃ ውሸት አያውቅም» አለችኝ በሩ ላይ። «መንገድ ዘግቶበት ነው። አይደለም?»

«ነው» አልኩ።


ነሐሴ 22

ግድግዳው አልተመታም። እኔ መታሁ። ብዙ ቆይታ መለሰች፣ አንዴ።


ጳጉሜ 4

የቀበሌ ፈተና ነበር። ሓዳስ አለፈች። አቶ ዘበነ «ሃያ አራት ካራት!» ብለው ወረቀቷን ከፍ አድርገው አሳዩ። ከአበባው ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ወደ ቤት ስንመለስ ማተቧን ፈትታ ቁልፉን አወጣች።


መስከረም 3 ቀን 1972

የአብርሃ እጅ ጽሕፈት የተያያዘ ነው፤ በሰሌዳ ላይ እንደለመደችው አይደለም። በቀን አንድ መስመር ታነባለች። በጠራራ በር ላይ ተቀምጣ፣ ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ በጣቷ። እኔ ውዳሴ ማርያምን እንዳነበብኩት። «እ-ና-ቴ» አለች ዛሬ፣ ጮክ ብላ። ሲራጅ ከሱቁ «አቤት!» አላት።


መስከረም 7

«የበረሃ ነው። ብዙ ውሃ አታጠጪው» የሚለውን ጨረሰች። «ልክ እንዳነበብሽልኝ ነው» አለችኝ ደስ ብሏት። ይህ መስመር እውነት ነው። ከእንግዲህ እውነት የሆነ መስመር የለኝም።


መስከረም 9

ወደ ቤቴ መጣች። ወረቀቱ በእጇ ነው።

«ጽጌ፣ እዚህ ጋ ምን ይላል?»

«የቱ ጋ?»

«ቤ። ት። ቤት ይላል። አንቺ ስታነቢልኝ ቤት የሚል አልነበረበትም።»

«እጅ ጽሕፈቱ ነው» አልኳት። «ያሳስታል።»

ወረቀቱን አየች። እኔን አየች። «እሺ» ብላ ወጣች። ስድስት ዓመት የሰማችውን በቃሏ ታውቀዋለች፤ እኔ ያልኩትን እያንዳንዷን ቃል።


መስከረም 11

ዛሬ የሆነውን ሳይበርድልኝ ልጻፍ።

ማታ መጣች። ተቀመጠች። ደብዳቤውን አጣጥፋ ጭኔ ላይ አስቀመጠችው።

«ዓይኔ ደከመ» አለች። «የቀረውን አንቺ ጨርሺልኝ። እንደ ድሮው።»

ከተቀመጠችበት ሆና ፊቴን ታያለች። ዓይኗ አልደከመም። ወረቀቱ ጭኔ ላይ ነው። ምድጃው እሳት አለው። ደግሞም ማንበብ እችላለሁ፤ ቤት የሚለውን ለአንድ ነገር ቤት ላደርገው እችላለሁ፣ ለቁልቋሉ ቤት ሥሪለት አለሽ ልላት እችላለሁ። እውነቴን ነው፣ ያች ዓረፍተ ነገር ተሰርታ ምላሴ ላይ መጥታ ነበር። እንዲህ ያለሁ ሰው ነኝ።

«አይሆንም፣ እትዬ ሓዳስ» አልኩ። «እኔ አላነብልሽም። ከእንግዲህ አላነብልሽም። ራስሽ አንብቢው።»

እሳቱን ቆሰቆሰች።

«ከባድ ነው?» አለች።

«ከባድ ነው።»

«ለኔ ነው ላንቺ?»

ወረቀቱን አንስታ ደረቷ ውስጥ ከተተችው። በሩን ስትዘጋ ድምፅ አላሰማችም።


መስከረም 12

ይህን ገጽ በትልልቁ፣ ለያይቼ፣ በሰሌዳው ፊደል እጽፋለሁ። የልጅሽ እጅ ጽሕፈት እንዳያስቸግርሽ እሱ የጻፈውን እዚህ ገለበጥኩት። ከደብዳቤው ጋር አስተያዪው። አንድም አልጨመርኩም። አንድም አልቀነስኩም።

«እናቴ፣ እንደምን ሰነበትሽ። እኔ ደህና ነኝ። ይህን ተክል ከጣቢያው ግቢ ቆርጬ ላክሁልሽ። የበረሃ ነው። ብዙ ውሃ አታጠጪው። እናቴ፣ እዚህ ሁለት ክፍል ቤት ተከራይቻለሁ። አንዱ ክፍል ያንቺ ነው። አልጋም ገዝቼበታለሁ። ከእንግዲህ ብቻሽን አትኑሪ። ለፋሲካ ነይልኝ። የባቡር መሳፈሪያሽን በሰው እልካለሁ። መምጣት ካልፈለግሽ እምቢ ማለት አያስፈልግሽም። ስለዚህ ነገር ዝም በይኝ፣ ያኔ ይገባኛል፤ ዳግመኛ አላስቸግርሽም። ልጅሽ አብርሃ።»

ይህ ነው። ልጅሽ አልዋሸሽም። ሲያብብ እመጣለሁ አላለም። ነይ ነው ያለሽ። አንቺ ዝም አላልሽውም፤ እኔ ነኝ ዝም ያሰኘሁሽ። ቁልቋሉንም ያሳመምኩት እኔ ነኝ እንጂ ያንቺ ኃጢአት አይደለም። በመጋቢት አልተቀየመሽም።

አብርሃ ዛሬ በሕይወት ይኑር አይኑር አላውቅም። ያ አገር ጦርነት አልፎበታል። የደብዳቤው ጀርባ ላይ የጣቢያው አድራሻ አለ፤ ያንንም አንብቤልሽ አላውቅም። ከእንግዲህ የምትጽፊለት በራስሽ እጅ ነው። አቶ ዘበነ የፖስታውን አጻጻፍ ያሳዩሻል።

ይቅር በዪኝ አልልም። ይቅር ማለት ካልፈለግሽ እምቢ ማለት አያስፈልግሽም።

ይህ ደብተር ከመጀመሪያው ገጽ እስከዚህ ድረስ የወይዘሮ ሓዳስ ነው። ነገ ጠዋት በእጅሽ እሰጥሻለሁ። ከዚህ ገጽ በፊት ያለው ጽሕፈት ደቃቅ ነው፤ አትቸኩዪ። በቀን አንድ መስመር ቢሆንም ይሁን። ማንም እንዲያነብልሽ አትስጪ።